ወንድሜ ሳይወጣ ከተማው እንዳይፈርስ

ለአሮጌው የማዕድን ከተማ አፍራሽ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል
ጉዳዩ፦ የነገው ማፍረስ እንዲቆምልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይለፉኝ። ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ከተማ ውስጥ አለ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ማሽናችሁ ይገባል።

2. ሰኞ አምስት ሆነን የገባነው ፊልም ልንሠራ ነው፤ ወጣቶች ባዶ ከተማ ውስጥ መውጫ ሲያጡ የሚያሳይ፣ አስፈሪ ነገር። ያመጣን ሹፌር እመለሳለሁ ብሎ ቀረና እኛም የምር መውጫ አጣን። ማክሰኞ ከሰዓት ወንድሜ የረሳነውን ባትሪ ሊያመጣ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። አልወጣም። ልንፈልገው ስንሄድ ወለሉ ተደርምሷል፤ ታች ጨለማ ነው። እላዩ ላይ ሆነን ስንጣራ ዘበኛችሁ መጥቶ ከከተማው አባርሮ አስወጣንና የግቢውን በር ቆለፈ።

3. ትናንት ይህንኑ ላመለክት ስመጣ ጸሐፊዎ አላመኑኝም፤ የፊልም ማስታወቂያችንን ሌላ ቦታ እንድንለጥፍ ነገሩኝ። በሩን አላትሜ ወጣሁ፤ ለበሩ ይቅርታ። እሳቸውም አልተሳሳቱም። ባለፈው ወር የወንድሜን ፎቶ "ጠፍቷል" ብዬ በየግድግዳው የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ለፊልሙ ወሬ እንዲነዛ። ፊቱ ሳይጠፋም የጠፋ ይመስላል ብዬ እኔው መረጥኩት። ሐሳቡም ሙጫውም የእኔ ነው። እኔን ይቅጡኝ፤ እሱን ግን በእኔ ውሸት አይቅበሩብኝ።

4. ማስረጃ አለኝ። ወንድሜ ተዋናይ አይደለም፣ ድምፅ ቀጂ ነው። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ቁጥር ይጠራል፣ አንዴ ያጨበጭባል። ያለዚያ ማናችንም ትንፍሽ አንልም። አያይዤ ባቀረብኩት ቅጂ ሠላሳ አንድ ጩኸት አለ። ሠላሳውን የጮህነው እኛ ነን፤ ቁጥርና ጭብጨባ አላቸው። የመጨረሻው የለውም። መቅጃውን ሳያጠፋ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ትቶት ስለገባ ነው የተቀዳው። የሚጣራውም "ክብሪት!" እያለ ነው። ክብሪት እኔ ነኝ፣ ቤት ውስጥ የምጠራበት ስም ነው። በፊልሙ እንዲህ የሚባል ሰው የለም።

ቀጥሎ ሳቅ ይሰማል። እሱም የእኔ ነው። ሊያስደነግጠን መስሎኝ ነበር።

5. ስለዚህ ማሽኑ እንዲቆም፣ ገመድና የእጅ ባትሪ የያዙ ሰዎችም ዛሬውኑ እንዲላኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቅጂው አራት ደቂቃ ነው። በርዎ ላይ ቆሜያለሁ፤ አላላትመውም። ከሳቄ በኋላ ግን እንዳያጠፉት፤ አንዴ ደግሞ ይጠራኛል።

ከሰላምታና ከጥድፊያ ጋር
(ፊርማ)
ክብሪት፣ የድምፅ ቀጂው እህት