ኮሌታው ቱርክ፣ ኪሱ የእኔ

ሐሙስ

ስድስቱንም መለሱልኝ። አንድ እንኳ አልተሸጠም። ሁለት ሳምንት የለፋሁባቸው የልጆች ጃኬቶች ናቸው። ባለሱቁ ጋሽ ታደለ፣ «የውብዳር፣ ስፌትሽ አይታማም። ሰው ግን መጀመሪያ የሚገለብጠው ኮሌታውን ነው» አሉኝ። ከመሳቢያቸው አንድ ጥቅል የኮሌታ ማርክ አወጡ፤ ሜድ ኢን ቱርክ ይላል። «ይኼን ስፊበት፤ ቅዳሜ አንድ አይተርፍም።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ዓርብ

ሰፋሁት። እጄ እየፈጠነ፣ ልቤ ሳይወድ። ስድስት ትንንሽ ውሸት።

ቅዳሜ

እውነትም ከቀትር በፊት አለቁ። ያው ጨርቅ፣ ያው ክር! ደስታ የለ፣ ንዴት ብቻ።

ከሰዓት የብልባላ መንደሯ አስረበብ መጣች። ገበያ በወጣች ቁጥር የገዛችውን እኔ ዘንድ አምጥታ ታስነብባለች። እሷ ብቻ አይደለችም። ፊደሉን፣ የፈረንጁንም ጭምር፣ ከስኳር ጆንያ፣ ከሳሙና ልጣፍ፣ በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ለቃቅሜ እንደተማርኩ ሰው ያውቃል። ውቤ ያነበበችው አይዋሽም ይላሉ።

ዛሬ ያመጣችው የእኔን ጃኬት ነው።

«ቱርክ ነው ብለውኛል። እስቲ እይልኝ።»

«ቱርክ ይላል» አልኳት። አፌን መረረኝ። «የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

ሳቀች። «ወይ ምቀኝነት! በቱርክም መቅናት ጀመርሽ?»

«ኪሱን ገልብጪው።»

ገለበጠችው። ገበሩ ከለበስኩት ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ አበባው ያው። ኪሱን አየች፣ ቀሚሴን አየች። ጃኬቱን ይዛ ወደ ሱቁ ገሰገሰች።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሽ ታደለ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። «ገበያ መሐል አስጮህሽብኝ! እንጀራሽን በገዛ እግርሽ ረገጥሽ። ሁለተኛ ሥራ እንዳታመጪልኝ።»

ድሮ ቢሆን አንገቴን እደፋ ነበር።

«የቱርክን ከቱርክ ያስመጡ» አልኳቸው።

ከእንግዲህ የምሰፋውን ማን እንደሚገዛኝ አላውቅም።

ሰኞ

አስረበብ ጃኬቱን ታቅፋ ደጄ ቆማለች። ባለሱቁ አልመልስም ብለዋታል። ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጀሁ።

«ይኼን ውሸት ፍቺልኝ» አለች። «ልጄ ለብሳው አድራለች፤ ሞቋታል። ለእህቷም አንድ ስፊልኝ። የዚሁ አገር ከሆነማ ዋጋውን ትቀንሽልኛለሽ።»

«ሞቋታል ወይስ አልሞቃትም?»

«ሞቋታል አልኩሽ እኮ!»

«እንግዲያው አልቀንስም።»

«ድንጋይ!» ብላኝ ቁልቁል ወረደች። ትመለስ አትመለስ እንጃ። ጃኬቱን ግን ትታልኝ ሄዳለች።

ማርኩን ፈታሁት። በቀይ ክር የአገሬን ስም፣ «ላስታ» ብዬ ጠለፍኩበት። ማንም መገልበጥ እንዳያስፈልገው፣ ኮሌታው ውስጥ ሳይሆን ደረቱ ላይ።