ከአራስ ቤት ያላየሁት አበባ

ሐሙስ

ዛሬም አልወጣሁም። ከአልጋ እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ አልጋ፤ የልጄ ክርስትና እስኪደርስ አገሬ ይህችው ናት። ዳገቱ ከቤታችን ጀርባ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ወደ ዳባት መንገድ! በበጋ የዳገቱ ጫካ የተቃጠለ ጊዜ፣ እርጉዝ ሆኜ አመዱ ላይ ቆሜ "አትንኩት፤ ሥሩ አልሞተም፤ ዝናብ ሲያገኝ አበባው ይመለሳል" ያልሁት እኔ ነኝ፣ የግብርና ባለሙያዋ። ይኸው ዘነበ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌው ተሰብስቦ ዳገቱ ይታረስ ወይስ ይከለል ብሎ ይወስናል። እኔ ግን አንዲት ቡቃያ እንኳ አላየሁም።

ዳገቱ ይታረስ ብለው መሬት ከሚጠይቁት አንዱ ባሌ ጌታነህ ነው። "የሞተ ጫካ ይጠበቃል እንዴ?" ይለኛል።

ዓርብ

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊል የመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፦ ዳገቱ ላይ ምን በቀለ? አንዷ "አረም" አለች። ሌላዋ "ኧረ እንደጠቆረ ነው!" አንድ ሽማግሌ ስለ በሬያቸው አጫወቱኝ። ማበድ ብቻ ቀረኝ።

በቀትር አማቴ እማማ ዘውዴ ጎረቤት ሲሄዱ በጓሮ ሹልክ አልሁ። ነጠላ የለ፣ አራስ የምትይዘው ብረት የለ። አጥሩ ጋ ሳልደርስ ደረሱብኝ። "አንቺ! በዚህ ፀሐይ? ምች እንዲመታሽ ነው?" ተመለስሁና እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ቅዳሜ

ትኩሳት። ራሴ ሊፈነዳ ነው። እማማ "አላልሁም?" አሉ፤ ደስ ያላቸው ይመስላል። ለምች የሚሆነውን ዳማከሴ ከጓሮ ፍየል ጨርሳዋለች፤ ፍለጋ ዳገቱን ወጡ። እኔ ክኒኔን ደብቄ ዋጥሁ።

ሲመለሱ እጃቸው ጥላሸት፣ ነጠላቸው ሙሉ ለምለም ቅጠል። ጨምቀው እያጠጡኝ ያወራሉ፦ "ካረረው ጉቶ ሥር ነው የቀጠፍሁት፤ እንደ ጉድ አቆጥቁጧል። ቢጫው፣ ወይን ጠጁ! ደግሞ ቅጠል የሌለው ቀይ ድቡልቡል አበባ አለ፣ አመዱን በስቶ ብቻውን የቆመ። በዕድሜዬ እንዲህ ሞልቶ አላየሁም።"

"ታዲያ አንድ እንኳ አያመጡልኝም?"

"ለአራስ የአበባ ሽታ? አብደሻል?"

ነገ ስብሰባው ላይ ይናገሩልኝ አልኋቸው። የተጨመቀውን ቅጠል ሰብስበው ወጡ። ከመሬት ጠያቂዎቹ ጋር የቆመው ልጃቸው ነው።

እሑድ

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ጌታነህ ከስብሰባው ቀድሞ ገባ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። እማማ ኋላ መጥተው ነገሩኝ። ከሰው መካከል ተነሥተው "ያየሁትን ልናገር፤ ሕይወት አለው" ብለዋል። ዳገቱ ይከለላል፤ ቢያንስ እስከሚመጣው በጋ ማረሻ አይነካውም።

እፎይ አልሁ። ደስታዬን ላወጣው ስል ጌታነህ ልጃችንን አቅፎ አየሁት። "መሬቱን የፈለግሁት ለእሷ ነበር" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ዳገቱ ዳነልኝ፤ እኛ የምናርሰው ግን ዛሬም የለንም።