መንገድ ብሎ የማያልፈው

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት አንድ ክስ አለኝ። ለገና የሠራሽልኝ የሱፍ ካልሲ አንደኛው ጉልበቴ ድረስ ይመጣል፤ ሌላኛው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አይሸፍንም። ምናልባት አንድ ረጅምና አንድ አጭር አጎት ኖሮሽ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እግር ልከሽ ከሆነ ንገሪኝና ሰውዬውን ልፈልገው። የመንደሩ ውሾች ከእኔ ጋር ሰላም ነበሩ፤ አሁን ግን ባለፍኩ ቁጥር እግሬን እያዩ ይጮሃሉ።

ክሴን ከሰማሽልኝ ዘንዳ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? የልምምድ ካምፑ ገንፎ ከእኔ ገንፎ እንደማይብስ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከእኔ የባሰ ገንፎ በፊንላንድ ምድር ይገኛል ብዬ ግን አላምንም። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ጠንክሯል፤ የቤቱ ግንዶች እንደ ጠመንጃ ይጮሃሉ፣ ሐይቁም ከበረዶው ስር ያጉረመርማል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የፊታችን እሁድ፣ ለዓለም ሻምፒዮናው ቡድን በሚመረጥበት ውድድር ላይ፣ ያ ድምፅ እንደገና ከመጣብሽ የበረዶ መንሸራተቻሽን፣ ስኪሽን ፈትተሽ ዳግመኛ እንደማታስሪው ጽፈሻል። አንብቤ አስቀመጥኩት፤ ተነስቼ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩና እንደገና አነበብኩት። ልቀልድበት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

በስልክ የነገርሽኝን ለማንም አላወራሁም። በጥር ሻምፒዮና ስትመሪ እንደነበርሽ፣ ጫካው ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ ከኋላሽ «መንገድ!» ሲባል እንደሰማሽ፣ ስኪ ከሚሄድበት ፈር ወጥተሽ ጉልበትሽ ድረስ በረዶ ውስጥ እንደቆምሽ አውቃለሁ። ማንም የእኛ ሰው እንደዚያው ያደርግ ነበር። እዚህ ሰክሮ የሚንገዳገድ ሰው እንኳ «መንገድ!» ከተባለ ፈሩን ይለቃል። አንቺ ለቀቅሽ፤ ማንም አላለፈም፤ አንቺ ስትጠብቂ ሜዳሊያው ሄደ። ጋዜጣው ለጥድ ዛፍ መንገድ የለቀቀች ብሎ ሳቀብሽ፤ አሠልጣኝሽ ድካም ነው ብሎ እንክብል ሰጠሽ። ድምፁ የአባትሽ መሆኑን ለሁለቱም ባለመናገርሽ ጥሩ አደረግሽ። ሌላ እንክብል ይጨምሩልሽ ነበር።

አሁን የእኔን ስሚ።

ማክሰኞ ዕለት ሐይቁን አቋርጬ ወደ ማዶዋ ጎረቤታችን ወደ ሄልቪ ቤት እየሄድኩ ነበር። አባትሽ ኤንሲዮም በዚያው መስመር ነው የሄደው፤ የመጀመሪያ ውድድርሽን በእሷ ራዲዮ ሊሰማ፣ የእኛ ተበላሽቶበት፣ በረዶው በሳሳበት በሚያዝያ፤ ማዶ ሳይደርስ ተሰበረበት። መሃል ስደርስ ከኋላዬ «መንገድ!» የሚል መጣ። ፖስተኛው መስሎኝ ከፈሩ ወጣሁ። ቆምኩ። ዞሬ አየሁ። ከእኔ ዱካ በቀር ሐይቁ ባዶ ነበር። ጮክ ብዬ እለፍ እንጂ ምን ትጠብቃለህ አልኩ፤ ሰው ሰምቶኝ ቢሆን ኖሮ ካልሲው ሳያንሰው አብዷል ይለኝ ነበር። ማንም አላለፈም። ግን ሄደም አልልሽም።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ ገና ጥርስሽን እየቀየርሽ ሳለ ኤንሲዮ ከኋላ ከኋላሽ እየተንሸራተተ «መንገድ!» ይልሽ ነበር። አንድ ቀን እንደ ጨዋ ልጅ ከፈሩ ወጥተሽ ቆምሽለት። እሱም ቆመ። አላለፈም። እኔ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጬ እስቅባችሁ ስለነበር ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ለሌላው ሰው ሁሉ ልቀቂ፤ ለእኔ ግን አትልቀቂ። እኔ የምጮኸው ላልፍሽ አይደለም።»

አንቺ የተቆጣ መስሎሽ አለቀስሽ፤ እሱ ከኪሱ ዘቢብ ያለበት ዳቦ አውጥቶ ሰጠሽ። ዳቦውን ታስታውሺው ይሆናል። ቃሉ የጠፋብሽ ይመስለኛል።

ስለዚህ ትናንት፣ ሐሙስ፣ ደግሜ ወጣሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሄልቪ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ የአተር ሾርባ ትሠራለች፤ ሰበብ አላጣሁም። መሃል ላይ ስደርስ ድምፁ መጣ። አልለቀቅኩም። የእኔ ልጅ፣ ከኮፍያዬ ስር ፀጉሬ ሲቆም ተሰማኝ፤ የቀረችኝ ትንሽ መሆኗን ታውቂያለሽ። ሄድኩ። ከኋላዬ የስኪ ዱላዎች በረዶው ላይ ሲንቋቁ ሰማሁ፣ ትንፋሽ ሰማሁ። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስደክም ይጠብቀኛል፤ አንዴም ከጎኔ አልወጣም። በዚህ ቦርጭ እንደዚያ ሄጄ አላውቅም። አንቺ ብታዪኝ ለቡድኑ ትጠቁሚኝ ነበር።

ሄልቪ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የአየር ትንበያ እንኳ የማታምን ሴት መሆኗን ታውቂያለሽ። ምን አባሮህ ነው፣ ልብህ ቢቆም ማን ይጎትትሃል ብላ ሰደበችኝ። ቀጥላም ሌላውን ሰውዬ የት ጣልከው አለችኝ። ከኋላዬ ተጠግቶ ሲመጣ ከመስኮት አይታዋለች፤ ዳር ላይ ስኪውን ሊፈታ ሲያጎነብስ ትታው ሳህን ልታወጣ ገብታለች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ሾርባ ይጨሳል።

አብረን ወጥተን አየን። ዳሩ ላይ የእኔ ዱካ ብቻ ነበር።

ተመልሰን በላን። ሦስተኛውን ሳህን ወደ ድስቱ አልመለሰችውም፤ እዚያው ቀዘቀዘ። ልሄድ ስነሳ ብቻ ጓንቴን እያቀበለችኝ አንድ ነገር አለች።

«ኮፍያው ይንጠባጠብ ነበር። በዚህ ብርድ ውሃ እንዴት ይንጠባጠባል?»

እኔም አትፍሪ አልልሽም። እኔ ራሴ ከትናንት ወዲህ ጀርባዬን ለመስኮት ሰጥቼ አልተቀመጥኩም። የምልሽ ይህን ብቻ ነው፦ ፈርሽን ሊወስድብሽ የመጣ አይደለም። በጥር ስትቆሚለት እሱም አብሮሽ የቆመ ይመስለኛል፣ እዚያ ጫካ ውስጥ፣ አንገቱን ደፍቶ። እሁድ ሲጠራሽ ሂጂ። ስኪሽን የምትፈቺ ከሆነም ደክሞሽ ፍቺ፣ ጠልተሽው ፍቺ፤ አባትሽ መንገድ የጠየቀሽ መስሎሽ ግን አትፍቺ።

ቆይ፤ ደረጃው ላይ ሰው በረዶ እያራገፈ ነው። ፖስታ ዛሬ የለም፣ ሄልቪም እኔን ፍለጋ ሐይቅ አታቋርጥም። በመስኮት ልይ።

አንቺ ነሽ።

ካምፕ ውስጥ መሆን አልነበረብሽም? ከባቡር ጣቢያው አውቶቡስ ትተሽ በሐይቁ ነው የመጣሽው፤ ለዚያውም በውድድር ስኪሽ። ከማዶ ዳር ጀምሮ ዱካሽ ከዚህ ይታየኛል። በክር የተሰመረ ይመስላል፤ ወደ ጎን የወጣሽበት ቦታ የለም።

በሩን ከፍተሽዋል፤ ብርዱ እስከ ጠረጴዛዬ ደረሰ። ቅንድብሽ ውርጭ ለብሷል፣ እየሳቅሽ ነው፣ ግን አልገባሽም። ፊትሽን ወደ ሐይቁ አዙረሽ በሩን እንደያዝሽ ቆመሻል።

እንግዲህ መጻፌን ላቁም። ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከእግርሽ ስር ያለውን በረዶ ያወፍርልሽ፣ ከኋላሽ የሚመጣውንም ያሳርፍልሽ።

በሩን ዝጊ አልልሽም፤ እስኪገባ ድረስ ያዢለት።

የሚወድሽ
አጎትሽ