ሽማግሌው ከባድመ ናቸው

ግርምሽ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ቤቱ እንዳለ ነው። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን ውሃ የሚመጣው አሁንም ደስ ሲለው ነው፤ ደረጃውን እንዳንተ እየተራገመ የሚወጣ ግን ጠፋ። እኔ ደህና አይደለሁም። ከወንድምህ ጋር ተኳርፈን ነው የምጽፍልህ።

ልጃችን ትዕግስት ለትዳር ተጠየቀች። ልጁ ሳሙኤል ይባላል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የተዋወቁት። ቃሊቲ ከአባቱ ጋር ጋራዥ ይሠራል። እጁ ቢታጠብም ግራሶ ይሸታል እንጂ ሌላ እንከን ፈልጌ አጥቼበታለሁ። የአባቱን ስም ስትነግረኝ ተስፋዬ ያለች መስሎኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አባትየውም አብረው ነበሩ። እንደ ወጉ "ለቁም ነገር ነው የመጣነው" ብለው አንቀመጥም አሉ። ወንድምህ ከሳሪስ አቦ መጥቶ በአንተ ቦታ ተቀምጦ ስማቸውን ጠየቀ። አባትየው "ተስፋይ" አሉ። "ዬ" አይደለም፣ "ይ"። የትግርኛ አጠራር ነው። አንዲት ፊደል ናት፣ የወንድምህ ፊት ግን ወዲያው ጠቆረ። አገራቸውን ሲጠይቅ፣ "ባድመ" አሉ።

ያ ስም እኛ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። ጉልበትህ ውስጥ የቀረው የመድፍ ፍንጣሪ ክረምት ላይ ሲጠዘጥዝህ እንኳ አንተ "እዚያ ቦታ" ነበር የምትለው። ወንድምህ፣ ሰዎቹ እንደ ቆሙ፣ "እስቲ ይንገሩኝ፣ ባድመ የማን ነው?" አላቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

ተስፋይ፣ "ጣሊያን በወረቀት ላይ አሰመረ፤ አባቴ መስመሩን ሳያየው ሲያርስ ኖረ። በኋላ ሁለቱም መንግሥታት ወታደር ላኩ። ዳኞች ለአንዱ ፈረዱ፣ መሬቱ በሌላው እጅ ቆየ። እኔም ልጄን ይዤ ወደዚህ ተሻገርኩ። የማን እንደሆነ አላውቅም ጌታዬ፤ ማሳው የአባቴ ነበር" አሉ።

ወንድምህ ተነስቶ በሩን ከፈተላቸው።

ሲወጡ ወደ እኔ ዞረ። "ወሬውን አትሰሚም? ነገ ጦርነት ቢነሳ ልጅቷ የማን ልትባል ነው?" አለኝ። አንተ ግንባር ሳለህ የግቢያችንን ሰዎች "አገራችሁ ማዶ ነው" ብለው በአውቶቡስ ጭነው ወደ ድንበር ሲወስዷቸው በዓይኔ አይቻለሁ። የሚፈራውን እኔም እፈራለሁ። ትዕግስት ደግሞ እህል አልቀምስ ብላ፣ "አባዬ ቢኖር እምቢ ይል ነበር?" ትለኛለች።

ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ዛሬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በኩራችን ትዕግስት ልጅ ሳለች ጉንፋን ይዟት ስታስል፣ ማር በውሃ እየበጠበጥክ፣ እዚያ ቦታ ሳለህ ሌሊት ከወዲያኛው ምሽግ አንድ ሰው እንዲሁ ሲያስል ትሰማ እንደነበር ነገርከኝ። "ምነው ማር የሚሰጠው ቢያገኝ እል ነበር" አልከኝ። ሲነጋ ተታኮሳችሁ። ያ ሰው ምን እንደሆነ አላወቅህም፤ ግን እስክትሞት ስታስበው ኖረሃል። አንተን ይህን ያህል አውቅሃለሁ፣ ግርምሽ።

እንደ ሽማግሌ ወግ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። እሺ እላቸዋለሁ። እየፈራሁ ነው እሺ የምለው። ወንድምህ አልገኝም ብሏል፤ ልቡ እስኪመለስ እጠብቀዋለሁ እንጂ አልቀየመውም። የማን ልጅ ናት ሲሉኝ፣ ስምህን ከነአባትህ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ጠርቼ የምድራት እኔ ነኝ። ልጅ ስትወልድም ስምህን ለልጆቿ እንዲሁ እጠራላቸዋለሁ።

ሚስትህ ጸሐይ