አጎበሩ በቀንም ይዘርጋ

ልጄ መኪያ፣ አላህ ጡትሽን በወተት፣ ቤትሽን በሳቅ ይሙላልሽ። እኛ ቦንጋ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

የመውለድሽ ወሬ እንደደረሰን አባትሽ ሱቁን ክፍት ትተው ወጡ። «ልጄ ዴንጌ የሚሉትን የትንኝ በሽታ አሸንፋ በሰላም ወለደች!» እያሉ ገበያውን አዳረሱት። እኔም እልልታውን አቀለጥኩት። ያኔ ትኩሳቱ ሲጀምርሽ ጎረቤትሽ የሰጠችሽን ክኒን ሳትውጪ፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ብለሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድሽ አኩርቶኛል። አንቺም ልጅሽም የተረፋችሁት በዚህ ነው።

ለአጥሚትሽ ከማንኪራ ማር አስመጥቻለሁ፤ ወደ ጅዳ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ። ዝናቡ በጊዜ ስለጣለ ቡናው አብቧል።

እኔ አጎበር የማታ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እኛ የምናውቃት የወባ ትንኝ የምትመጣው ሲመሽ ነዋ። የናንተዋ ግን በጠራራ ፀሐይ ትናከሳለች አሉ። ድፍረቷ! ስለዚህ ሕፃኗ ቀን ስትተኛም አጎበር ይዘርጋላት። በረንዳሽ ላይ ያለውን የውሃ በርሜልም ክደኚው፤ የምትራባው እዚያ ነው።

አላህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ቀን እንደተኛች ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ፊቷ በአጎበሩ ውስጥ ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ እኔ ማየት የምፈልገው እንደዚያ ነው።

እናትሽ