ለጋሼ የነገርኩት የብርሃን ሕክምና

ሰኞ

ቸኩዬ ነገርኩት። ዝም ብል ይሻል ነበር።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቀራንዮ ሰፈር ልብስ ሲሰፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ ዘንድሮ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተው። በዘር የሚወረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም ተብሏል። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንኩ ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የሕዋሱን ስስ ሽፋን በሌዘር ብርሃን ለቅጽበት ይበሱትና መድኃኒት ወይም ጤነኛ ዘረ መል ያስገባሉ፤ ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። የዓይን ሕዋስ ላይም እየተሞከረ ነው ይላል። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«ጨርቁ ሳይቀደድ?» አለኝ። ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

ማክሰኞ

ሚስቱ አስካለ ደወለች። የስፌት መኪናውን ለጎረቤቱ ሊሸጥለት ተስማምቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት «ዓይኔ ሊድን ነው፣ አልሸጥም» ብሎ መልሶታል። «ምን ብለሽው ነው?» አለችኝ።

ተማሪዬ የነበረችው ቤዛዊት ጀርመን ይህንኑ ታጠናለች። ጻፍኩላት።

ረቡዕ

ከቤዛዊት ምንም የለም።

ከሥራ በኋላ ጋሼ ጋ ገባሁ። ጥያቄዎቹን አስጻፈኝ፦
ያማል ወይ?
እዚህ ይመጣል ወይስ ውጭ መሄድ ነው?
ለልጅ ይሆናል?

ሦስተኛው አልገባኝም። ግን አልጠየቅሁትም።

ሐሙስ

መለሰችልኝ። «ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኛ የምንሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሳህን ላይ ባሳደግናቸው ሕዋሳት ነው። አይጥ ላይ የሞከሩም አሉ። ሰው ጋ መቼ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። የሞተውን ሕዋስ ደግሞ አይመልስም።»

ሦስቴ አነበብኩት። ሱቁ ጋ መውረድ ሲገባኝ ታክሲው አሳልፎ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ይዞኝ ሄደ። በእግሬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ሳላሳምር።

መዳፉን ስፌት መኪናው ላይ አድርጎ ሰማኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «እኔስ እሺ፣ ለምጄዋለሁ» አለ። «ሕሊናን ነው የምልሽ።»

ሕሊና የመጨረሻ ልጁ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ሲመሽ ደረጃውን በእግሯ እየዳሰሰች ነው የምትወርደው አለኝ። መንገድ ዳር ያለው ክፍት ቱቦ ውስጥ ሁለቴ ገብታለች። እሱም በሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበር፤ ዳፍንት ነው ብለው ጉበት ያበሉት ነበር። ካስተዋለ ሁለት ወሩ ነው። ለአስካለም አልነገራትም።

በየሳምንቱ እሑድ ከልጅቷ ጋር ምሳ እበላለሁ። ምንም አላየሁም። እዚያው ጨርቆቹ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ።

አመሻሽ ላይ ለአስካለ አብረን ነገርናት። አልጮኸችም። «ሁለት ወር ሙሉ ብቻህን?» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ

ጠዋት ሕሊናን ጦር ኃይሎች አካባቢ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ወሰድናት። አስካለ እጇን ለአፍታ አልለቀቀችም። ጠብታ ጨመሩላት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ መረመሯት። ሐኪሟ ለእኛ ለብቻችን ነገረችን፦ የአባቷ በሽታ ነው፣ ጀምሯታል። ግን ገና ብዙው ሕዋስ በሕይወት አለ። በየስድስት ወሩ ትታይ አለች።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ክንዴን ያዘኝ።

«ያ ብርሃን ለእሷ ይደርስላታል?»

አዎ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«አላውቅም ማለት አይደርስም ማለት ነው?»

«አይደለም።»

እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

በጠብታው ምክንያት የውጭው ፀሐይ በዝቶባት ሕሊና ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ጋሼ ኮቱን ከፍቶ ፊቷን ደረቱ ውስጥ ሸሸጋት። እሷ አታይም፣ እሱም በደንብ አያይም። አስካለ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ ይዘናቸው አስፋልቱን ተሻገርን።