አያ ደጅይጥኑ እራት የመጡ ለታ

ሰቆጣ፣ 1960 ዓ.ም.

ግንቦት 5
ሥልጠናው ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን፣ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ ተጀመረ። ከደሴ የመጡት አሠልጣኝ አቶ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ። ከኮረም ወዲህ በበቅሎ ስለመጡ መቀመጥ አልቻሉም፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው አስተማሩን። መንግሥት ዕቃ ሲገዛ በምን ደንብ ይገዛል... ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ተጫራች ዋጋውን በፖስታ አሽጎ ያመጣል፣ ፖስታው ሁሉም ባሉበት ይከፈታል። አለቃችን አቶ ገብረ ጻድቅ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። እኔ ግን ወደድኩት። ነገር በቦታው ሲቀመጥ ደስ ይለኛል።

የጽሕፈት መኪናዬን በቦታው የሚያስቀምጥልኝ ግን አልተገኘም። አሁንም የሳሙና ሣጥን ላይ ናት። ጎንበስ ብዬ ስመታ እየዋልኩ ወገቤ አለቀ። ካሳ ማታ እያሸኝ፣ የአናጢ ሚስት ሆነሽ ሣጥን ላይ ትጽፊያለሽ? ብሎ ሳቀብኝ። አናጢው ማን ሆነና...

ግንቦት 7
መልመጃችን እውነተኛ ግዢ ሊሆን ነው። የፃግብጂ ትምህርት ቤት አዲሱ ቤት ለመስከረም ይደርሳል፤ አርባ ዴስክ ይፈልጋል። ልጆቹ እስከ ዛሬ ዳስ ሥር ድንጋይ ላይ ነው የተማሩት። እኛ ሠልጣኞቹ ማስታወቂያውን እናወጣለን፣ ኮሚቴ ሆነን አሸናፊውን እንመርጣለን። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ተባልኩ።

ለካሳ ልነግረው ስሮጥ ብመጣ ቀድሞ ሰምቷል። ሰምቶም እንጨቱን ገዝቷል። ምን ዓይነት ሰው ነው? የዋንዛ ሳንቃ ከላስታ በበቅሎ አስጭኖ ጓዳዬን ሞልቶታል። ከእኔና ከአያ ደጅይጥኑ ሌላ ሰቆጣ ውስጥ አናጢ የት አለ ይላል። እውነቱን ነው። ይህን ሥራ ካገኘ ቤታችን ቆርቆሮ ይለብሳል። ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋ ከጥግ ወደ ጥግ መግፋት ይቀርልናል።

ግንቦት 9
ስንት ሳቅን ዛሬ። አሠልጣኙ፣ ከተጫራች ጋር ዝምድና ያለው ከኮሚቴው ይወጣል አሉ። እጄን አወጣሁ፤ ካሳ ባሌ ነው አልኩ። መልካም ብለው ጻፉ። ቀጥሎ አቶ ገብረ ጻድቅ እጃቸውን አወጡ። የካሳ የክርስትና አባት ናቸው። የመዝገብ ቤቱ ዋሴም አወጣ፤ ከአያ ደጅይጥኑ ጋር የሚካኤል ማኅበር ይጠጣል። አንዱ አበልጅ፣ አንዱ የጡት ልጅ... እጃቸውን ያላወጡት አቶ ወልደ ሐዋርያት ብቻ ሆኑ።

"ታዲያ ማን ይግዛ?" አሉ።

በመጨረሻ የሥጋና የጋብቻ ዝምድና ብቻ ይቆጠር ተባለ። ከኮሚቴው የወጣሁት እኔ ብቻ። ትንሽ ከፋኝ። ግን ትክክል ነው።

ግንቦት 14
ካሳ ዋጋውን እየሠራ ነው። ባጠገቡ ሳልፍ ወረቀቱን በክንዱ ይሸፍናል፣ እንደ ተማሪ። ጭራሽ ውጪልኝ አለኝ፣ ከገዛ ቤቴ። ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩለት። ወድጄዋለሁ ይሄን ሰው።

ግንቦት 18
ነገ ፖስታው ይከፈታል። ምን ይሻለኛል?

አያ ደጅይጥኑ እራት መጡ። ካሳን መጋዝ ያስያዙት እሳቸው ናቸው፤ ቤታችን ቤታቸው ነው። በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ እንደ ቀላል ወሬ ለነገ የሚሰጡትን ዋጋ ተናገሩ። እዚህ አገር ልማዱ እንደዚያ ነው። አናጢ ጎረቤቱ የሚፈልገውን ሥራ ሲፈልግ ቤቱ ሄዶ ዋጋውን ይነግረዋል። ሳይነግር ቢቀር ነውር ነው። ካሳስ ምን ያድርግ... ትልቅ ሰው ነግረውት እሱ ይደብቅ? እሱም ነገራቸው። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ተጫራቾች ዋጋ ከተነጋገሩ ጨረታው ይሰረዛል። አሠልጣኙ ሁለት ጊዜ ነው ያሉት።

እንግዳችን ሲሄዱ ለካሳ ነገርኩት። አንተው ቀድመህ ንገራቸው አልኩት።

"አያ ደጅይጥኑን ሌባ ናቸው ልበል?"

ሌባ በል አላልኩህም፣ የሆነውን ተናገር አልኩ። እንጨቱስ? አለኝ። ጣሪያውስ? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ግንቦት 19
ተናገርኩ።

ፖስታው ሳይከፈት ለአቶ ወልደ ሐዋርያት ነገርኳቸው። ጨረታው ሰው ሁሉ ፊት ተሰረዘ። ካሳ አንገቱን ደፋ። አያ ደጅይጥኑ ግን ተነሡ። አማርኛው ሲያጥራቸው በአገውኛ እየሞሉ ተናገሩ።

"ልጄ፣ እኔ ምን ሰርቄ ነው ከጎረቤቴ ተደብቄ ዋጋ የምጠራው?"

አሠልጣኙ፣ የእርስዎ ጎረቤት ካሳ ነው፤ ዴስኩ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ የፃግብጂ ልጆች ናቸው፤ እናንተ ስትነጋገሩ እነሱ አልነበሩም አሏቸው። አያ ደጅይጥኑ ነገሩን አሰቡበትና ተቀመጡ። ክልከላው ማስታወቂያው ላይ ስላልተጻፈ ማንም አልተቀጣም። ሌላ ጨረታ ይወጣል።

ካሳ ብቻውን ወደ ቤት ሄደ።

ግንቦት 24
አያናግረኝም። "ጨው አቀብዪኝ" ካልተቆጠረ።

ሰኔ 3
የሐዋርያት ጾም ገባ። የእኛ ቤትማ ከወሬ ከጾመ ሰነበተ።

ጠዋት ስወጣ ነጠላዬ ከትከሻዬ ተንሸራተተ። ካሳ ከመቀመጫው ተነሥቶ መለሰልኝ። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ... ሞኝ ነኝ?

ሰኔ 9
ነገ አዲሱ ጨረታ ይከፈታል። ሁለቱም ፖስታቸውን አስገብተዋል።

አመሻሽ ላይ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አያ ደጅይጥኑ በመንገዱ መጡ። እራት ሊመጡ ነው ብዬ ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። ደጃችን ሲደርሱ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ሳቡ፣ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ፣ ሰላም ሳይሉ አለፉ። እንዳይናገሩ ነው። እንዳይነገራቸውም። ደንቡ ገብቷቸዋል ማለት ነው። እሰየው ማለት ነበረብኝ... አለቀስኩ።

ካሳ ከኋላዬ ቆሞ አይቷል ለካ።

"እንዲህ እንዲሆን ነው የፈለግሽው?" አለኝ።

ለዛሬ ብቻ፣ እንዲህ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም አልኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ስንት ቀን የናፈቀኝ እጅ።

ሰኔ 10
አያ ደጅይጥኑ አሸነፉ። ዋጋቸው በትንሹ ብቻ ነው ያነሰው። ካሳ የመጀመሪያው ሆኖ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

ማታ በር ተንኳኳ። ገና ደፉ ላይ እንደቆሙ የጠየቁት እኔን ነው።

"ልጄ፣ አሁንስ ደንቡ እራት ይፈቅዳል?"

ካሳ በሳቅ ፈነዳ። ይፈቅዳል፣ ይግቡ አልኳቸው። ያለው ሽሮ ብቻ ነበር፤ ገበታውን ጠረግነው። ሳንቃህን ልግዛው ሲሉት ካሳ አብዛኛውን ሸጠላቸው። የቀረውን ለምን እንዳስቀረ አልነገረኝም። ቆርቆሮው ግን ለዘንድሮ ቀረ።

መስከረም 20፣ 1961
ክረምቱን አልጋ ስንገፋ ከረምን። አሁን ደረቅ ነው፣ ተመስገን።

ባለፈው ሳምንት ፃግብጂ ሄጄ ዴስኮቹን ተረከብኩ። የግዢ ጸሐፊ ተብያለሁ። አያ ደጅይጥኑ አሳምረው ሠርተዋል። አንዲት ልጅ ጉንጯን እንጨቱ ላይ አስተኝታ ታሸተው ነበር። አስተማሪው ሲጣራ አልሰማችም።

ዛሬ ቢሮ ስገባ የሳሙና ሣጥኑ የለም። በቦታው ጠረጴዛ ቆሟል። ዋንዛ። ብቀመጥ ክንዴ ልክ ሆነ። መቼ ለካኝ? ካሳ በሩን ተደግፎ ያየኛል፣ የመጋዝ ብናኝ እንደለበሰ። አቶ ገብረ ጻድቅ መጡና፣ የግዢ ጸሐፊዋ ባል ዕቃ ያለ ጨረታ ቢሮ አስገባ? አሉ። ክው አልኩ። ልክ ናቸው እኮ።

ለቢሮው አልሸጥኩም፣ የሚስቴ የግሏ ነው፣ ስትወጣ ይዛው ትወጣለች አለ ካሳ። እንደዚያ ተብሎ ይጻፍ አልኩ፤ እዚያው ተጻፈ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለእኔስ ዋጋው ስንት ነው? አልኩት።

"ታሽጓል" አለኝ።

የጽሕፈት መኪናዬን አንሥቼ አስቀመጥኩበት። እስከ ማታ ጻፍኩ። አንዴም አልተነቃነቀችም።